የአያቴ ባለ ሁለት አፈሙዝ፦ ሽንትር አስወጥቼ በጥቁር ባሩድ ልተኩስበት?

የልጅ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

አያቴ ካረፉ ስምንት ወር ሆናቸው። አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ትተውልኛል። ፈቃዱ በስሜ ዞሯል፤ በዚያ በኩል ችግር የለም። መሃሉ ላይ ታጥፎ የሚከፈት ዓይነት ነው። በአውራ ጣት የሚሳቡ ሁለት መዶሻዎች በውጭ በኩል አሉት፣ ምላጩም ሁለት ነው። አፈሙዙ ብቻ 76 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። የሚጎርሰው 12 ቁጥር ነው። ሙሉው ክብደቱ 3 ኪሎ ከትንሽ ነው። የሠሪ ስም ፈልጌ አጣሁ።

አፈሙዙ ላይ የእንጨት ጅማት የሚመስል መልክ አለ። ቡናማና ጥቁር እየተጠማዘዘ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀለም መስሎኝ በጣቴ ፈተግኩት። አይለቅም። ከግራው አፈሙዝ መሃል አካባቢ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ አንድ ጊዜ ወድቆ ይመስለኛል። ሲከፈትም ይከብዳል፤ መታገል ይጠይቃል።

ልጅ ሆኜ አያቴ ሲወለውሉት አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ከመክፈታቸው በፊት ሁሌ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ሲተኩሱበት ግን አንድ ቀን አላየሁም።

ሐሳቤ ይኸው። የጥቁር ባሩድ ተኩስ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ያ ነጭ ጭስ፣ ያ ከበድ ያለ ድምፅ ከልቤ አልወጣም። ይህን ጠመንጃ አንድ ወጥ የእርሳስ ጥይት የሚተኩስ ባለ ሽንትር ጠመንጃ ላደርገው እፈልጋለሁ። ወይ አፈሙዙ ውስጥ ሽንትር፣ ማለትም ጥይቱን እያዞረ የሚያስወጣ ጠመዝማዛ ቦይ፣ አስቀርጽበታለሁ፤ ወይ ሽንትር ያለው ቀጭን ቱቦ አስገባበታለሁ። ጥቁር ባሩድ ከዘመናዊው ይልቅ ለስላሳ ነው ሲባል ስለሰማሁ አደጋ የለውም ብዬ ነው።

የትኛው ይሻላል? ሞክሮት የሚያውቅ አለ?

የቶርኖ ሰው

እኔ ብረት ቆራጭ ነኝ እንጂ የጠመንጃ ባለሙያ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሽንትር ማውጣቱ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። መሣሪያው ካለ ይወጣል። ጥያቄው ከቆረጥክ በኋላ ምን ብረት ይቀርሃል ነው።

ካሊፐር ካለህ አፉ ላይ ያለውን የብረት ውፍረት ለካና ንገረን። አንድ ቦታ ብቻ አይበቃም፤ ዙሪያውን አራት ቦታ ለካ። እጅ የሠራው ቱቦ ዙሪያውን እኩል አይወፍርም። መሃሉን በካሊፐር አታገኘውም፤ ለእሱ የተለየ መለኪያ አለ።

ሌላው፣ እባክህ ማንም ሰው በሞርሳ እንዳይዝልህ። እንዲህ ያለ ስስ ቱቦ በብረት ጥርስ ከተያዘ ባንዴ ይጨፈለቃል።

አሮጌ ብረት

የልጅ ልጅ፣ በመጀመሪያ አያትህን ነፍስ ይማር። ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሮጌ ጠመንጃ ማደስ ሥራዬ ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ ኖሬበታለሁ። መልሴ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

አታድርገው። ሁለቱንም።

አሁን ምክንያቱን ልንገርህ፤ «አትችልም» ብሎ መሄድ ለማንም አይጠቅምም።

ያ የእንጨት ጅማት የመሰለህ ነገር ቀለም አይደለም። ብረቱ ራሱ ነው። ደማስቆ አፈሙዝ ይባላል። የሚሠራው እንዲህ ነበር። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተደራርበው በእሳት ይበየዳሉ። ከዚያ እንደ ገመድ ይጠመዘዛሉ። የተጠመዘዘው ተጠፍጥፎ ጥብጣብ ይሆናል። ጥብጣቡ በአንድ ዘንግ ላይ ይጠቀለልና ጠርዝ ከጠርዝ በመዶሻ ይበየዳል። ዘንጉ ሲወጣ ቱቦ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻ በአሲድ ሲታጠብ አንዱ ብረት ከሌላው ይለያል። የምታየው መልክ ያ ነው።

እንግዲህ አስበው። 76 ሳንቲ ሜትር ሙሉ ስፌት ነው። በየስፌቱ መሃል የተረሳ የእሳት ዝቃጭ ሊኖር ይችላል። ዝገትም እዚያ ውስጥ ገብቶ ከውጭ ሳይታይ ይበላዋል። በጥሩ እጅ የተሠራና በደንብ የተያዘ ደማስቆ ለዘመኑ ባሩድ ጠንካራ ነበር፤ ስሙን ማጥፋት አልፈልግም። ግን በላዩ ሽንትር ስታወጣ ያንን ስፌት በአግድም እየቆረጥክ ነው። የአንድን ጋቢ ድር በምላጭ እየጫርክ «አሁንም ይሞቀኛል» እንደማለት ነው።

ስለ ባሩዱ። ጥቁር ባሩድ ለስላሳ ነው የሚለው ግማሽ እውነት ነው። 75 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ። ከእሱ ጋር ሲወዳደር እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ የሠራው ጭስ አልባ ባሩድ በጣም ኃይለኛ ነው። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን አፈሙዙ የሚሸከመው ግፊት በባሩዱ ብቻ አይወሰንም። ከፊቱ ያለው ነገር ምን ያህል እምቢ ይላል የሚለውም ይወስናል። ትናንሽ የእርሳስ ፍሬዎች በልሙጥ አፈሙዝ ውስጥ ሲወጡ ይንሸራተታሉ። አንድ ወጥ እርሳስ ግን ሽንትሩን ነክሶ እየዞረ ነው የሚወጣው። ረዘም ያለ ሾጣጣ ጥይት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ጥይቱ በዘገየ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። የአያትህ ጠመንጃ ለዚህ አልተወለደም።

12 ቁጥር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከአንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም ከ454 ግራም፣ በአፈሙዙ ልክ 12 ኳሶች ይወጣሉ ማለት ነው። አንዷ ኳስ 38 ግራም ገደማ ትመዝናለች። የአፈሙዙ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ቁጥር የተሠሩ እውነተኛ ባለ ሁለት አፈሙዝ ባለ ሽንትር ጠመንጃዎች በጥቁር ባሩድ ዘመን ነበሩ። ብዙዎቹ በደማስቆ ነው የተሠሩት። በእጄ ይዣቸው አውቃለሁ። ግን 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። አፋቸው ላይ ያለው ብረት እንደ ውኃ ቧንቧ ወፍራም ነው። ያንተ 3 ኪሎ ነው። ልዩነቱ፣ ያ 2 ኪሎ ብረት፣ ሽንትሩን የሚሸከመው እሱ ነበር።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ሁለቱ አፈሙዞች ትይዩ አይደሉም። ከኋላ ራቅ ይላሉ፣ ወደ አፉ ይቀራረባሉ። ሠሪው ሆን ብሎ ነው። የቀኙን ስትተኩስ ጥይቱ ገና ሳይወጣ ጠመንጃው ወደ ቀኝ መዞር ይጀምራል፤ የግራው ወደ ግራ። መቀራረቡ ይህን ለማካካስ ነው። የተለካው ግን ለዚያ ዘመን ፍሬ፣ ለዚያ ክብደት፣ ለዚያ ፍጥነት ነው። ጥይቱን ከቀየርክ ልኩ ይፈርሳል። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ አንድ ሰው እንዲህ የተቀየረ ጠመንጃ አመጣልኝና ሞከርነው። በ50 ሜትር የሁለቱ አፈሙዝ ጥይቶች በግማሽ ሜትር ተራራቁ። ሰውየው ደጋግሞ ወረቀቱን እያየ «እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» አለኝ። እሱ ነበር፣ ጠመንጃው። ባለ ሁለት አፈሙዝ ባለ ሽንትር ጠመንጃ ከሌላው ሁሉ የሚወደደው ለዚህ ነው። ሠሪው እየተኮሰ፣ የአፉን ብየዳ እያላላ፣ በጸጉር ልክ እያንቀሳቀሰ፣ መልሶ እየበየደ ነው የሚያስተካክለው።

«ታዲያ ድሮ ልሙጥና ሽንትር የቀላቀሉ የሉም ወይ?» ካልከኝ አሉ። ኮሎኔል ጆርጅ ፎስበሪ እ.ኤ.አ. በ1885 የባለቤትነት መብት ያወጣበት፣ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪ የሠራው ፓራዶክስ አለ። አብዛኛው ልሙጥ ነው፣ አፉ አጠገብ ብቻ ትንሽ ሽንትር አለው። ኬፕ ጋን የሚባለውም አለ፤ አንዱ አፈሙዝ ልሙጥ፣ ሌላው ባለ ሽንትር። ሁለቱም ግን ከመጀመሪያው ለዚያ ተብለው፣ ብረታቸው ለዚያ ተወፍሮ የተሠሩ ናቸው።

አሁን የራሴን ልንገርህ። ይህን ለብዙ ሰው አልነገርኩም። ሥራ በጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት አንድ አዛውንት የአባታቸውን ደማስቆ አመጡልኝ። ውስጡ በዝገት ተበሳስቷል። «እንደ መስታወት አድርግልኝ» አሉኝ። አደረግኩላቸው። ጉድጓዶቹ እስኪጠፉ ድረስ ውስጡን ፋቅሁት። ሲያበራ ደስ ይል ነበር። ውፍረቱን ግን አልለካሁም። ለመሞከር ከመደገፊያ ላይ አስሬ፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆኜ በገመድ ሳብኩት። ድምፁ ደህና ነበር። ሄጄ ሳየው የቀኙ አፈሙዝ መሃሉ ላይ አብጧል። እንቁላል የዋጠ እባብ መስሏል። አዛውንቱ ሲመጡ አንድ ቃል አልተናገሩም። ያበጠውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ጨርቁን ጠቀለሉት፣ ሄዱ። እኔ የፋቅሁት ከወረቀት ብዙም አይወፍርም ነበር። አንተ ልትቆርጥ የምታስበው ሽንትር ከዚያ ይጠልቃል።

ስለዚህ ምንም ከማሰብህ በፊት ጠመንጃውን አንብበው። አራት ነገር አድርግልኝ።

አፈሙዙን ከሰደፉ ነጥለው። ከኋላው ጫፍ ሥር ባለው ጉጥ በገመድ አንጠልጥለውና በጥፍርህ ወይም በእርሳስ እንጨት ቀስ ብለህ ንካው። እንደ ደወል ጥርት ብሎ ከቆየ ሁለቱን የሚያያይዘው ብየዳ ደህና ነው። እንደ ስንጥቅ ገንቦ ከደነቆረ የሆነ ቦታ ለቋል።

ቀጥሎ ወደ ብርሃን አዙረህ ውስጡን እይ። ብርሃኑ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ይታይሃል። ቀለበቱ ክብ ካልሆነ፣ የጨረቃ ጥላ የመሰለ ነገር ካየህ፣ እዚያ ጎድጉዷል።

መልሰህ ግጠምና ዘግተህ ከመብራት ፊት ያዘው። በአፈሙዙ የኋላ ጫፍና በመዝጊያው ፊት መካከል ብርሃን ካለፈ ማጠፊያው ተበልቷል።

አራተኛ፣ የአፈሙዙ ሆድ ላይ፣ ሲገጠም በሚደበቀው ጠፍጣፋ ቦታ፣ ማኅተሞች አሉ። ፎቶ አንሳ። ስም ባይኖረውም ማኅተም ይኖረዋል።

ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ማቅለሚያ፣ አንዱም እንዳይነካው።

የልጅ ልጅ

ጋሼ፣ ስለዚህ ሁሉ መልስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን ሁሉ አደረግኩ። ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ለየቶርኖ ሰው። አፉ ላይ ቀኙ ከ0.8 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ግራው በአንድ በኩል 1 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 0.7። በእጅ የተሠራ ዙሪያውን እኩል አይሆንም ያልከው ገብቶኛል።

አንጠልጥዬ ነካሁት። አልጮኸም። «ዱብ» አለና ቀረ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው።

ውስጡን ሳይ በግራው መሃል ላይ ያቺ የጨረቃ ጥላ አለች። ከውጭ የጎደጎደው ቦታ ላይ ነው። ከኋላው ጫፍ አካባቢ ደግሞ በሁለቱም ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ።

ከመብራት ፊት ስይዘው ቀጭን የብርሃን ክር ታየኝ። እንደ ጸጉር።

ማኅተሙ ሞላላ ቅርጽ ነው። ውስጡ ላይ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ፣ ከሥራቸው ኮከብ። ዘውድ የሚመስል ነገር የለም። አንድ 18.2 የሚል ቁጥር አለ። አንበሳ የመሰለ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ይህን የፈለግኩት ሌላ ቦታ አንብቤ ነው።

ይህ ሁሉ መጥፎ ዜና እንደሆነ ይገባኛል። ቱቦ ማስገባቱስ ጋሼ? ሽንትሩ በአዲሱ ብረት ውስጥ ከሆነ አሮጌው ምን ይሆናል?

የቶርኖ ሰው

0.7 ሚሊ ሜትር ነው ያልከው? ጥልቀቱ 0.15 የሆነ ሽንትር ብታወጣ 0.55 ይቀርሃል። ይህም አፉ ላይ ነው። መሃሉ ከአፉ ሊሳሳ ይችላል፣ ያውም የጎደጎደው እዚያ ነው። እኔ ይህን ሥራ በማንም ገንዘብ አልይዘውም።

ከአፍ የሚጎርስ

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። ለየልጅ ልጅ ሳይሆን ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ነው የምጽፈው። የእሱ መሃሉ ላይ ስለሚከፈት ባዶ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ከአፍ የሚጎርሰው ግን እንደዚያ አይደለም።

እኔም ባለ ሁለት አፈሙዝ ወርሻለሁ፤ በካፕሱል፣ መዶሻው ሲመታው እሳት በሚሰጥ ትንሽ ቆብ የሚተኮሰውን፣ ከእሱ የቀደመውን ዓይነት። ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው። ልጆች ሆነን አውርደን ተጫውተንበታል። ወንድሜ ግንባሬ ላይ ደግኖ ምላጭ ስቧል። አንድ ቀን አንድ ሰው ዘንግ አስገብተህ ለካ አለኝ። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ታስገባለህ፣ አፉ ላይ ምልክት ታደርጋለህ። ከዚያ አውጥተህ በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጎን ታጋድመዋለህ። ጫፉ ካፕሱሉ የሚቀመጥበት ቦታ ድረስ መድረስ አለበት። የቀኙ ደረሰ። የግራው በአራት ጣት ቀረ።

አልነካሁትም፣ ወደ ባለሙያ ወሰድኩት። ያወጣው የተጨማደደ ወረቀት፣ ነጭ አቧራ የለበሱ የእርሳስ ፍሬዎችና ደረቅ ባሩድ ነበር። ከባሩዱ ቁንጥር አድርጎ ውጭ ድንጋይ ላይ ለኮሰው። ፉፍ ብሎ ነደደ፣ ነጭ ጭስ። ከእኛ በፊት ሁለት ትውልድ አልፎበታል። ጥቁር ባሩድ ካልረጠበ አያረጅም።

እጄ እስካሁን ይህን ስጽፍ ይቀዘቅዛል። አሮጌ ከአፍ የሚጎርስ ጠመንጃ ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ለኩት።

አሮጌ ብረት

ከአፍ የሚጎርስ፣ ይህን መጻፍህ መልካም ነው። እኔም በሥራዬ ጎርሰው የመጡልኝን ከአንድ በላይ አይቻለሁ። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ ራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ።

ወደ የልጅ ልጅ ልመለስ።

ማኅተምህ የቤልጂግ ነው፣ የሊዬዥ። እዚያ የመፈተሻ ቤት አለ፤ አፈሙዝ በኃይለኛ ተኩስ ተሞክሮ ካለፈ ማኅተም የሚመታበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1672 የተቋቋመ ነው። ሞላላው ላይ ዘውድ የተጨመረው በ1893 ስለሆነ ያንተ ከዚያ በፊት የተፈተነ ነው። 18.2 የአፈሙዙ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። አንበሳውን መፈለግህ ትክክል ነበር። እዚያ አገር ለጭስ አልባ ባሩድ የተፈተነ ጠመንጃ አንበሳና ከሥሩ ፒ፣ ቪ የሚሉ ፊደላት ይመታበታል። ያንተ የለውም። ስለዚህ ዘመናዊ ጥይት ቀለሁ ልክ ገጠመልኝ ብለህ በፍጹም እንዳታጎርሰው። ይህን ሦስት ጊዜ አንብበው። ሰው የሚጎዳው ከሽንትሩ ይልቅ በዚህ ነው፤ ቀለሁ ይገባል፣ መዝጊያው ይዘጋል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል።

የእንግሊዝ ጠመንጃ ያላችሁም ማኅተሙን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1887 ባሉት ዓመታት አፋቸው ጠበብ ተደርጎ የተሠሩት ላይ «ለኳስ አይሆንም» የሚል በእንግሊዝኛ ተመትቶባቸዋል። ያኔም ሰው አንድ ወጥ ኳስ እያጎረሰባቸው ነበር ማለት ነው። ጠባቡ አፍ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አስበው።

አሁን ቱቦው። ልክ ነህ፣ ከሁለቱ ሐሳቦችህ ይኼኛው ይሻላል። ሙሉ ርዝመት ያለው፣ ራሱን የቻለ ወፍራም ቱቦ ከሆነ አሮጌው አፈሙዝ ግፊቱን አይሸከምም። ጥይቱም ያንሳል፤ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ የእርሳስ ኳስ 8 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ግን ግፊቱ ወደ ኋላም አለ። እሱን የሚሸከመው መዝጊያውና ማጠፊያው ነው። ያንተ ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። ያ ክር የመሰለው ብርሃን በየተኩሱ ይሰፋል። ቱቦውን የሚያስገቡ ሰዎች እንዳይነቃነቅ ብለው በብየዳ ወይም በማጣበቂያ ይለጥፉታል። ከዚያ በኋላ ሐሳብህን ብትቀይር መመለሻ የለም። ከላዩ ማነጣጠሪያ ትፈልጋለህ፤ ለእሱ ደግሞ ሁለቱን አፈሙዝ ከላይ የሚያያይዘውን ዘንግ ትበሳለህ። እሱ ደግሞ ብየዳው ለቋል። አየህ፣ አንዱ ሥራ ሌላውን ይጎትታል።

ሕጉንም አትርሳ። በብዙ አገር ልሙጥና ባለ ሽንትር በአንድ ፈቃድ አይያዙም። በእንግሊዝ ለምሳሌ ፈቃዱ ራሱ ሌላ ነው። ልሙጥ ብለህ ያስመዘገብከውን ሽንትር ካወጣህበት ሌላ መሣሪያ ሆነ። አሮጌ ቅርስ ተብሎ የተሰጠው ቦታም ሊነሳበት ይችላል።

«ታዲያ ዝም ብዬ ልስቀለው?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አይደለም።

ጥቁር ባሩድ በሽንትር መተኮስ ከሆነ ምኞትህ፣ ለዚያ የተሠራ አዲስ ግዛ። በኢጣሊያ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የድሮዎቹን አምሳያ በዘመናዊ ብረት የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ከእነሱ አንዱ ፔደርሶሊ፣ ኮዲያክ የሚለው ባለ ሁለት አፈሙዝ አለው፤ ከአፍ የሚጎርስ፣ ባለ ሽንትር፣ ሁለቱም አፈሙዝ ተስተካክሎለት የሚመጣ። ጭሱም ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው። የአያትህን ጠመንጃ ወደዚያ ለመቀየር የምታወጣው ልፋት እሱን ሳይገዛልህ አይቀርም።

የአያትህን ደግሞ እንደ ተፈጠረ፣ ልሙጥ እንደሆነ አድነው። ብየዳው ተነስቶ እንደገና ይያያዛል። ጎድጓዳው ከውስጥ በልኩ በተሠራ ጉጥ ቀስ ተብሎ ይነሳል። ማጠፊያው ይጠገናል። ይህን ሁሉ ደማስቆ የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ከዚያ ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ ይለካና የመፈተሻ ቤት ይግባ። ካለፈ በቀላል የጥቁር ባሩድ ጥይት፣ በፍሬ፣ ትተኩስበታለህ። ካላለፈ አይተኮስበትም፣ በቃ። ያኔም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የሠሪ እጅ ቤትህ ውስጥ የለም። ያንን ጥብጣብ የጠቀለለው ሰው በእሳቱ ቀለም ብቻ ሙቀቱን እየለየ ነው የሠራው።

እስከዚያው ቀጭን ዘይት በጨርቅ፣ ስስ አድርገህ። አታጥለቅልቀው፤ ዘይቱ ወደ ኋላ እየወረደ እንጨቱን ያበሰብሳል። በቆዳ ማህደር ውስጥ አታኑረው፣ እርጥበት ይስባል። አንድ ቀን በጥቁር ባሩድ ከተኮስክበት ደግሞ ያኑ ዕለት በሙቅ ውኃ እጠበው። የባሩዱ ዝቃጭ ጨው ነው፣ ውኃ ከአየር ይጠጣል። አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ዝገት ታገኛለህ።

አንድ ነገር ረስቼ። ሲከፈት ይከብዳል ብለሃል። መዶሻዎቹ ወድቀው እያሉ ነው የምትከፍተው?

የልጅ ልጅ

አዎ፣ ወድቀው እያሉ ነው። ችግር አለው?

የቀረውን ሁሉ ተቀብያለሁ ጋሼ። እውነቱን ልናገር፣ ሲጀመር ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን ሽንትር ማስቆረጡን ከሐሳቤ አውጥቼዋለሁ። አፈሙዙን ለማስለካት ሰው እየፈለግኩ ነው። ያ የአዛውንቱ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

አሮጌ ብረት

አለው። በእንዲህ ያለ ጥንታዊ ጠመንጃ መዶሻው ሲወድቅ ከመርፌው፣ ጥይቱን መትቶ ከሚያስነሳው ቀጭን ብረት፣ ላይ ተጭኖ ይቀራል። የመርፌው ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ ነው ያለው። በዚያ ላይ ስትከፍተው አፈሙዙ መርፌውን እየፋቀ ነው የሚወርደው። መርፌው ይጣመማል፣ ይሰበራል።

ከመክፈትህ በፊት ሁለቱንም መዶሻ በአውራ ጣትህ ግማሽ ድረስ ብቻ ሳብ። አንድ ጊዜ ይይዝልሃል። ከዚያ ክፈተው። ሞክርና ንገረኝ።

የልጅ ልጅ

ሞከርኩት። ቀኙን ሳብኩ፣ ቀጭ። ግራውን ሳብኩ፣ ቀጭ። ከዚያ በአንድ እጄ ተከፈተ።

ጋሼ፣ ያ ድምፅ ነው። አያቴ ከመክፈታቸው በፊት ይሰማኝ የነበረው ያ ነው። እናቴ ከጓዳ ሰምታ መጣች፣ በሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ አየችኝ። ዘግቼ እንደገና አንድ ጊዜ አሰማኋት።